የአዮና ደሴት፦ የጎሳ አገዛዝና የገዳም ሕይወት በመካከለኛው ዘመን (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ ስላለችው ስለዚህች ትንሽ ደሴት በየጊዜው ለሚነሡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

አዮና የት ናት? ምን ያህልስ ትሰፋለች?

በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ መል ከተባለችው ትልቅ ደሴት ጫፍ ማዶ ትገኛለች። ሁለቱን የሚለያቸው ጠባብ ባሕር ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ብዙም አይበልጥም። ርዝመቷ አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል፣ ወርዷ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ከፍተኛው ኮረብታዋ ዱን ኢ ደግሞ 101 ሜትር ብቻ ነው። ጠዋት የተነሣ ሰው ሳይመሽበት ዙሪያዋን በእግሩ ጨርሶ ይመለሳል።

ካርታ ላይ ለሚያያት የዓለም ዳርቻ ትመስላለች። በዚያ ዘመን ግን የብሱ ተራራና ረግረግ ስለነበር ዋናው መንገድ ባሕሩ ነበር፤ ከሰሜን አየርላንድ ተነሥቶ ወደ ስኮትላንድ ደሴቶች የሚቀዝፍ ሰው አዮናን በሩቁ እያየ ያልፋል። ለጸሎት ጭር ያለች፣ ለመርከብ ግን መተላለፊያ ላይ ያለች ቦታ መሆኗን ልብ ያላለ ሰው የቀረውን ታሪኳን አይረዳውም።

ገዳሙን ማን መሠረተው?

አየርላንዳዊው መነኩሴ ኮሎምባ ነው። በ563 ከዐሥራ ሁለት ተከታዮቹ ጋር ባሕር ተሻግሮ መጣ። የተወለደው በ521 አካባቢ ሲሆን፣ ዘሩ በሰሜን አየርላንድ ይነግሥ ከነበረው ከኡይ ኔይል ቤት ነው፤ ምንኩስናን ባይመርጥ ኖሮ እሱም ለንግሥና ከሚታሰቡት አንዱ በሆነ ነበር። ከአገሩ የወጣው ዘመዶቹ ከተዋጉበት ከ561ዱ የኩል ድሬምኔ ጦርነት ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ጦርነቱ የተነሣው ኮሎምባ አንድ መዝሙረ ዳዊት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በመገልበጡ ነው የሚለው ዝነኛ ትረካ ዘግይቶ የመጣ ነው። ገድሉን የጻፈው አዶምናን ግን ለክርስቶስ ሲል መጻተኛ ሊሆን ወጣ ከማለት አያልፍም።

ደሴቲቱን የሰጠው፣ የአየርላንድ ዜና መዋዕሎች እንደሚሉት፣ የዳል ሪያታው ንጉሥ ኮናል ነው። ዳል ሪያታ በአየርላንድ ሰሜን ምሥራቅና በስኮትላንድ ምዕራብ፣ በባሕሩ ግራና ቀኝ የተዘረጋ መንግሥት ነበር። እንግዲህ ከመነሻው መሬቱ የንጉሥ ስጦታ፣ መነኩሴውም የንጉሥ ዘር ነው። እኔ የአዮናን ታሪክ የምረዳው ከዚህ ተነሥቼ ነው፦ በመካከለኛው ዘመን ሁሉ መሠዊያውና የዘር ሐረጉ በዚህች ደሴት ተለያይተው አያውቁም።

"ጎሳ" ሲባል በዚያ አገር ምን ዓይነት አገዛዝ ነው?

ከአንድ አባት ወረድን የሚሉ ቤተ ዘመዶች አሉ፤ በላያቸው አንድ አለቃ አለ፤ በሥራቸው ደግሞ መሬቱን የሚያርሱና ለጦርነት የሚከተሉ ሰዎች አሉ። ሁሉም የሥጋ ዘመድ አልነበረም፤ በአለቃው ጥላ ሥር ያደረ ቤተሰብ ውሎ አድሮ በአለቃው ስም ይጠራል። አለቃው ይዳኛል፣ ያበላል፣ ከጠላት ይጠብቃል። ሕዝቡ እህልና ከብት ይገብራል፣ ሲጠራም መቅዘፊያ ይይዛል። ሹመቱ የግድ ለበኩር ልጅ አያልፍም፤ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ሊይዘው ስለሚችል አንድ አለቃ በሞተ ቁጥር ቤቱ ውስጥ ጠብ ይነሣል።

ሙያም እንደ መሬት በዘር ይወረሳል። የማክቩሪክ ቤት ገጣሚ፣ የቢተን ቤት ሐኪም፣ የኦ ብሮልካን ቤት ግንበኛ ነበር። በአዮና ቤተ ክርስቲያን አንድ ዓምድ አናት ላይ ሥራውን ዶናልድ ኦ ብሮልካን እንደ ሠራው በላቲን ተቀርጾ ይነበባል፤ ዘመኑ 15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ በ1164፣ የአዮና ሰዎች መጥተህ አበምኔት ሁነን ብለው የለመኑት በአየርላንድ ያለው የዴሪ ገዳም አለቃም ኦ ብሮልካን የሚባል ነበር።

አበምኔቱን መነኮሳቱ ይመርጡት ነበር ወይስ በዘር ይወረሳል?

ምርጫ ነበር፤ ነገር ግን ከየትኛው ቤት እንደሚመረጥ የታወቀ ነበር። ኮሎምባ በ597 ሲያርፍ ወንበሩን የያዘው ባይቴኔ የቅርብ ዘመዱ ነው። ከዚያም ወዲያ ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ አብዛኞቹ አበምኔቶች ከመሥራቹ ወገን የወጡ ናቸው። ከ679 እስከ 704 ገዳሙን የመራው ዘጠነኛው አበምኔት አዶምናንም ከዚያው ዘር ነው። በዚያን ጊዜ ለነበሩ ሰዎች ይህ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም፤ የቅዱሱን በረከት የሚወርሰው የቅዱሱ ወገን ነው ብለው ያምኑ ነበር። እንግሊዛዊውን የታሪክ ጸሐፊ ቤዳን የገረመው ሌላ ነገር ነው፦ ደሴቲቱን የሚገዛው ቄስ የሆነ አበምኔት እንጂ ጳጳስ አይደለም፣ ጳጳሳት ሳይቀሩ ለእሱ ይታዘዛሉ።

ንጉሥ በመሾምም ገዳሙ እጁ ነበረበት። በ574 የዳል ሪያታ ዙፋን ባዶ ሲሆን የኮሎምባ ልብ ያዘነበለው ወደ ኤኦጋናን ነበር። አዶምናን እንደሚተርከው መልአክ በመስታወት የተሠራ መጽሐፍ ይዞ መጣ፤ የኤኦጋናንን ወንድም ኤዳንን እንዲቀባው አዘዘው፤ እምቢ ቢለው ጠባሳው እስከ ዕድሜው ልክ እስኪቀር በጅራፍ መታው። ለሦስት ሌሊት ከተመላለሰ በኋላ ኮሎምባ ታዘዘ፤ ኤዳንም አዮና ላይ እጅ ተጭኖበት ነገሠ። ትረካውን ያመነበትም ያላመነበትም አንድ ነገር ያገኝበታል፦ የገዳሙ ሰዎች ንጉሡ የነገሠው በእኛ እጅ ነው እያሉ ያስቡ እንደነበር።

የመጀመሪያዎቹ መነኮሳት ቀን ከቀን እንዴት ይኖሩ ነበር?

ገዳሙን የከበበው ከአፈር የተከመረ ግንብና ቦይ ነበር፤ ቅሪቱ ዛሬም ሜዳው ላይ ይታያል። በውስጡ በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ ጎጆዎች፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የእንግዳ ማረፊያና ቶር አን አባ በተባለች ትንሽ ጉብታ ላይ የኮሎምባ የጽሕፈት ጎጆ ነበሩ። ከዚያች ጉብታ በቁፋሮ የተገኘ ከሰል በ2017 በይፋ በተነገረ ምርመራ ዕድሜው በትክክል የኮሎምባን ዘመን የሚነካ ሆኖ ተገኝቷል። ኮሎምባ የሚተኛው በባዶ ድንጋይ ላይ ነው፤ ትራሱም ድንጋይ ነው።

ማኅበሩ በሦስት ይከፈል ነበር፦ በጸሎትና በመጽሐፍ ላይ ያሉ ሽማግሌዎች፣ በእርሻና በዕደ ጥበብ የሚደክሙ ወንድሞች፣ ገና የሚማሩ ወጣቶች። ገብስ ይዘራሉ፣ ላም ያልባሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። የባሕር አውሬ የሆነው ሲል እንኳ ሥጋውና ስቡ ስለሚጠቅማቸው እንደ ከብት ይጠበቅላቸው ነበር፤ ከኮሎንሴይ ደሴት በሌሊት መጥቶ ሲሎቹን ሊሰርቅ የተደበቀ ሰው ተይዞ ሲቀርብ ኮሎምባ ገሥጾት ሲያበቃ በግ አሳርዶ እንደ ሰጠው ተጽፏል። ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ። አንድ ማክሰኞ ቀን ኮሎምባ "ነገ ረቡዕ ለመጾም አስበናል፤ ግን እንግዳ ስለሚመጣ ጾሙ ይፈታል" ያለበት ቦታ አለ፤ እንግዳ መቀበል ከጾም ይበልጣል ማለት ነው። እንግዳው የሚመጣው ደግሞ ከመል ዳርቻ ቆሞ ባሕሩን አሻግሮ እየጮኸ ነው። ጩኸቱን የሰማ መነኩሴ ጀልባ ይዞ ይሄድለታል።

ከሁሉ በላይ ግን ይጽፉ ነበር። ኮሎምባ ከማረፉ በፊት በነበረው ቀን መዝሙረ ዳዊት ሲገለብጥ "እግዚአብሔርን የሚፈልጉት ግን ከመልካም ነገር ሁሉ አይጐድሉም" ከሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የቀረውን ባይቴኔ ይጻፈው አለ። ወተት የሚያጓጉዘው ነጭ የገዳሙ ፈረስ ራሱን ከደረቱ ላይ አድርጎ ያለቀሰውም በዚያው ቀን ነው። በ800 አካባቢ የተሠራውና ዛሬ በደብሊን የሚገኘው ባለ ሥዕል ወንጌል፣ የኬልስ መጽሐፍ የሚባለው፣ ቢያንስ በከፊል በአዮና እንደ ተዘጋጀ ብዙ ሊቃውንት ያስባሉ።

ቫይኪንጎች ገዳሙን አጠፉት አይደል?

ክፉኛ ጎዱት እንጂ አላጠፉትም። የመጀመሪያው ወረራ በ795 ነው፤ በ802 አቃጠሉት፤ በ806 ደግሞ 68 ሰው ገደሉ። በሚቀጥለው ዓመት በአየርላንድ ኬልስ አዲስ ገዳም መሠራት ተጀመረ፤ የማኅበሩም መሪነት ቀስ በቀስ ወደዚያ ዞረ። በ825 ብላትማክ የተባለው መነኩሴ የኮሎምባ ዐፅም ያረፈበትን የከበረ ሣጥን የት እንደ ቀበሩት አልናገርም ብሎ ተገደለ። ዐፅሙ በኋላ፣ በ849፣ ለአየርላንድና ለስኮትላንድ ተከፈለ።

ሆኖም መነኮሳት ቦታውን አልለቀቁም። የወራሪዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች እዚያው ደሴቶቹ ላይ አገቡ፣ ወለዱ፣ ተጠመቁ። በ980 በታራ ጦርነት የተሸነፈው ከቫይኪንጎች ዘር የሆነው የደብሊን ንጉሥ ኦላፍ ኩዋራን ዘውዱን ትቶ ንስሐ ሊገባ የመጣው ወደ አዮና ነው፤ እዚያው አረፈ። ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ986 የገና ዋዜማ ሌሊት፣ ሌሎች ወራሪዎች አበምኔቱንና 15 መነኮሳትን ገደሉ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል።

ደሴቲቱ የኖርዌይ ነበረች ወይስ የስኮትላንድ?

በ1098 የኖርዌይ ንጉሥ ማግኑስ አዮናን ጨምሮ የስኮትላንድን ምዕራባዊ ደሴቶች በመርከብ አሥሦ ያዘ፤ የስኮትላንድ ንጉሥም የእሱ መሆናቸውን ተቀበለ። ማግኑስ አዮና ሲደርስ የኮሎምባን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በር ከፈተ፤ ሳይገባ መልሶ ዘጋውና ማንም እንዳይገባባት አዘዘ ይባላል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የደሴቶቹ ሀገረ ስብከት ለኖርዌዩ የኒዳሮስ ሊቀ ጳጳስ ተገዢ ሆነ። በ1266 በፐርዝ ስምምነት ኖርዌይ ደሴቶቹን በ4,000 መርክ (የዘመኑ የገንዘብ መለኪያ ነው) እና በየዓመቱ በሚከፈል 100 መርክ ለስኮትላንድ አስረከበች።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያለው ነው። በተግባር ደሴቶቹን የሚገዛው መርከብ ያለው የአካባቢው ቤት ነበር።

ሶመርሌድ ማነው? ማክዶናልዶችስ ከየት መጡ?

ሶመርሌድ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በአርጋይልና በደሴቶቹ የገነነ መስፍን ነው። "ማን" በተባለችው ደሴት የነገሠውን ንጉሥ ልጅ አገባ፤ በ1156 ከሚስቱ ወንድም ጋር በጥምቀት በዓል ሌሊት ባሕር ላይ ተዋግቶ ደሴቶቹን ተካፈለው፤ በ1164 ስኮትላንድን ሊወጋ ወጥቶ ሬንፍሩ ላይ ወደቀ። ከልጁ ከዱጋልድ ማክዱጋሎች ወጡ። ሌላው ልጁ ራናልድ ዶናልድን ወለደ፤ ማክዶናልድ የተባለው ታላቅ ጎሳ የዚህ ዶናልድ ዘር ነው።

ቤኔዲክታውያን ለምን መጡ? የቀድሞዎቹ መነኮሳትስ ዝም አሉ?

በ1200 አካባቢ ራናልድ በጥንቱ ቦታ ላይ የቤኔዲክታውያንን፣ ማለትም የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ሥርዓት የሚከተሉ መነኮሳትን፣ ገዳም ተከለ። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ የተከበረ ገዥ የሚባለው ከሮም ጋር የተሳሰረ፣ በድንጋይ የታነጸ፣ በታወቀ ሥርዓት የሚተዳደር ገዳም የሠራ ነው፤ ራናልድም ቤቱን ከነገሥታት ተራ ሊያስቆጥር ፈለገ። ለገዳሙ በመልና በሌሎች ደሴቶች ጉልት ተሰጠው። በ1203 የሮማው ጳጳስ ኢኖሰንት ሦስተኛ ንብረቱን የሚያጸናና ከለላ የሚሰጥ ደብዳቤ ለአበምኔቱ ለሴለስቲን ጻፈ።

ዝምታማ አልነበረም። ለስድስት መቶ ዓመት የኮሎምባ ወራሾች እኛ ነን ሲሉ ለኖሩት የአየርላንድ ካህናት ነገሩ ቤታቸውን በጉልበት እንደ መቀማት ነበር። በ1204 ሁለት ጳጳሳትና የዴሪው አበምኔት ብዙ ካህናት አስከትለው ባሕር ተሻገሩ፤ አዲሱን ሕንፃ አፈረሱ፤ የዴሪውንም አበምኔት በአዮና ወንበር አስቀመጡ። የአየርላንድ ዜና መዋዕል ሕንፃው ያለ መብት የተሠራ እንደሆነ፣ ያፈረሱትም በቤተ ክርስቲያን ሕግ እንደሆነ አድርጎ ይጽፈዋል። አልጸናላቸውም። የደሴቶቹ ገዥ ቤት ከቤኔዲክታውያን ጋር ቆሞ ነበርና እነሱ ጸኑ። በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገን የኮሎምባን ስም ይጠራ ነበር፤ የወሰነው ግን መሬቱን የያዘው ነው።

ሴቶች በደሴቲቱ ላይ አይፈቀዱም ነበር ይባላል፤ እውነት ነው?

በአፈ ታሪክ ኮሎምባ ላምና ሴት በአዮና እንዳይኖሩ ከልክሎ ሴቶቹን አጠገቧ ወዳለች ትንሽ ደሴት እንደ ሰደደ ይነገራል። ይህን አትመኑት፤ ከላይ የተጠቀሰው ፈረስ የሚያጓጉዘው የገዳሙን ላሞች ወተት ነው። በጦርነት ሴቶች፣ ሕፃናትና ካህናት እንዳይነኩ በ697 በአየርላንድ ቢር ላይ ሕግ ያስደነገገውም የአዮናው አበምኔት አዶምናን ነው፤ ነገሥታቱን ሰብስቦ ያስፈረመበት ይህ ሕግ ከመላው የገዳሙ ታሪክ እኔን የሚያስደንቀኝ ሥራ ነው።

ራናልድ ደግሞ ከወንዶቹ ገዳም ጋር በአንድ ዘመን ለሴቶች ገዳም አሠራ፤ ሥርዓቱ የአውግስጢኖሳውያን ነው። በጎሳው ታሪክ እንደሚነገረው የመጀመሪያዋ እመምኔት የገዛ እህቱ፣ የሶመርሌድ ልጅ ቤቶክ ናት። ከዚያ ወዲያ እመምኔቶቹ ከታላላቅ ቤቶች ይወጡ ነበር። በ1543 ያረፈችው እመምኔት አና ማክሌን መቃብሯ ላይ በምንኩስና ልብሷ፣ ሁለት ትናንሽ ውሾች ከጎኗ ተቀርጻ ትታያለች። ከቀይ ግራናይት የታነጸው ገዳም ዛሬ ጣሪያው የለም፤ በመካከለኛው ዘመን ከተሠሩት የብሪታንያ የሴቶች ገዳማት ግን ይህን ያህል ግድግዳ የቆመለት ጥቂት ነው።

"የደሴቶቹ ጌታ" የሚባለው ማዕረግ በገዳሙ ላይ ምን ሥልጣን ነበረው?

ማዕረጉን በ1336 በጽሑፍ የተጠቀመበት የማክዶናልዶች አለቃ ዮሐንስ ነው። መቀመጫቸው አይላ በምትባል ደሴት፣ ፊንላጋን በተባለ ሐይቅ ውስጥ ባሉ ትናንሽ ደሴቶች ላይ ነበር። እዚያ የሚሰበሰበው ሸንጎ ለደሴቶቹ ሁሉ ይዳኛል፤ ከጎሳ አለቆች ጋር የደሴቶቹ ጳጳስና የአዮናው አበምኔትም ይቀመጡበታል።

አዲስ ጌታ ሲሾም የእግር አሻራ በተቀረጸበት ድንጋይ ላይ ያቆሙታል። ነጭ ልብስ ያለብሱታል፤ ነጭ በትርና የአባቶቹን ሰይፍ ያስይዙታል። ጳጳሱና ካህናቱ ይባርኩታል፤ ከዚያ ቅዳሴ ይቀደሳል፤ ግብሩም ለቀናት ይዘልቃል። ሲሞት ደግሞ አስከሬኑ በመርከብ ወደ አዮና ይሄዳል። ዮሐንስ በ1386 አካባቢ ሲያርፍ የአዮና ካህናት ተቀብለው በዚያው ቀበሩት። ልጁ ዶናልድ፣ በ1411 ሃርሎ ላይ የተዋጋው፣ ለኮሎምባ እጅ ዐፅም የወርቅና የብር መክደኛ እንዳሠራ የጎሳው ታሪክ ያነሣለታል።

ስለዚህ በሕግ አበምኔቱ ተጠሪነቱ ለሮም ነው፤ በኑሮ ግን ጉልቱን የሚጠብቅለት፣ ግንበኛውን የሚከፍልለት፣ ጠላቱን የሚመልስለት የደሴቶቹ ጌታ ነው።

የጎሳ አለቃ ልጅ አበምኔት ሲሆን ምን ይፈጠራል?

ይህን ለመረዳት የማኪነኖችን ቤት ማየት ይበቃል። ማኪነኖች በመልና በስካይ መሬት የነበራቸው፣ ለማክዶናልዶች የሚያድሩ ጎሳ ናቸው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አበምኔት የነበረው ፊንጓይን የጎሳው አለቃ ወንድም ነው። ቅምጥ አስቀምጦ ልጆች ወልዷል፣ የገዳሙን ሀብት ለቤተሰቡ አውሏል ተብሎ ተከሰሰ። በደሴቶቹ ጌትነት ላይ የማክዶናልድ ወንድማማቾች ሲጣሉም ታናሹን ደግፎ ቆመ፤ የማክዶናልዶች ትውፊት እንደሚለው አለቃው ማኪነን ተሰቀለ፣ አበምኔቱን ግን ቆቡ አዳነውና በአዮና ተወስኖ እንዲቀመጥ ተፈረደበት። በ1421 የተሾመው አበምኔት ዶሚኒክ ነው የወደቀውን ሥርዓትና የፈረሰውን ሕንፃ ያነሣው፤ ዛሬ የምናየው የቤተ ክርስቲያኑ ትልቁ ክፍል በእሱ ዘመን የታነጸ ነው።

ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ወንበሩ ተመልሶ ከማኪነኖች እጅ ገባ። በ1489 የቆመ አንድ የድንጋይ መስቀል የላክላን ማኪነንና የልጁ የአበምኔት ዮሐንስ መስቀል ነው ተብሎ በላቲን ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ባለ ሸራ መርከብ ተቀርጿል። ጎሳውና ገዳሙ በአንድ ድንጋይ ላይ ማለት ነው። ዮሐንስ በ1500 ገደማ ሲሞት የመጨረሻው በራሱ የቆመ አበምኔት ሆነ፤ በድንጋይ የተቀረጸ ምስሉ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተኝቷል።

ይህን ያነበቡ ብዙዎች ሃይማኖቱ የይስሙላ ነበር ወደ ማለት ይቸኩላሉ። አልስማማም። የጌይሊክ ቋንቋ በሚነገርበት አገር፣ በአየርላንድና በስኮትላንድ ምዕራብ፣ የካህን ልጅ ከሮም ፈቃድ አምጥቶ ካህን መሆኑ የተለመደ ነበር፤ ከዚያው ቤት የወጡት ሰዎች ቀንና ሌሊት የጸሎቱን ሰዓት የሚጠብቁ፣ ድሃ የሚመግቡ፣ መንገደኛ የሚያሳድሩ ነበሩ። ዝምድናው ገዳሙን አበላሸውም፣ አቆየውም።

ተራው ሰው የት ነበር?

ከገዳሙ ውጭ፣ በገዳሙ መሬት ላይ። ለሕዝቡ የተለየ ቤተ ክርስቲያን ነበረው፤ ከሴቶቹ ገዳም አጠገብ ያለችው የቅዱስ ሮናን ናት። ተሳላሚው በደቡብ ምሥራቅ ካለው ወደብ ወርዶ የሙታን ጎዳና በተባለው ድንጋይ የተነጠፈ መንገድ ያዘግማል። አስከሬንም በዚሁ ያልፋል። ከ8ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቦታው የቆመው የቅዱስ ማርቲን መስቀል፣ ማርያምና ልጇ የተቀረጹበት፣ ማንበብ ለማይችለው ምእመን መማሪያው ነበር።

ከኢትዮጵያ ገዳማት ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አለ?

ተላላኩ የሚያሰኝ ምልክት የለም፤ የጠጡት ግን ከአንድ ምንጭ ነው። አዶምናን የኮሎምባን ገድል ሲጽፍ ከምሳሌዎቹ አንዱ ወደ ላቲን የተመለሰው የግብፃዊው አባ እንጦንስ ገድል ነው። እኛም ዘንድ በአክሱም ዘመን የእንጦንስ ገድልና የጳኩሚስ ሥርዓት ወደ ግዕዝ ተተርጉመዋል። የረቡዕና የዓርብ ጾምም ከጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ለሁለቱም የወረደ ነው። ኮሎምባ አዮናን የተከለበት 6ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞን ከመሠረቱበት ዘመን ጋር ይገጥማል።

የጎሳውና የገዳሙ ዘመን መቼ አበቃ?

በሦስት ደረጃ ነው። በ1493 የስኮትላንድ ንጉሥ የደሴቶቹን ጌትነት ወረሰ፤ የመጨረሻው ጌታ ሁለተኛው ዮሐንስ ማዕረጉን ተነጠቀ። በ1499 ገዳሙ ለደሴቶቹ ጳጳስ ለዮሐንስ ካምቤል በአደራ ተሰጠ፤ ካምቤሎች የማክዶናልዶች ተቀናቃኝ ስለሆኑ ይህም ቢሆን የጎሳ ድል ነበር። በ1560 የስኮትላንድ ፓርላማ የሮማውን ጳጳስ ሥልጣንና ቅዳሴውን አስቀረ፤ ማኅበሩም ተበተነ። መሬቱ መጀመሪያ ለማክሌኖች፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ለካምቤሎች አለፈ።

በ1609 የንጉሡ ወኪል ጳጳስ አንድሩ ኖክስ ዘጠኝ አለቆችን ሰብስቦ ልጆቻቸውን በቆላው ስኮትላንድ እንዲያስተምሩ፣ ቀሳውስትን እንዲታዘዙ፣ አጃቢዎቻቸውን እንዲቀንሱ ያስፈረማቸው እዚሁ አዮና ላይ ነው። የፈረሰው ቤተ ክርስቲያን በ1899 በአርጋይሉ መስፍን ለአንድ የአደራ ማኅበር ተሰጥቶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ታድሷል።

እውነት 48 የስኮትላንድ ነገሥታት በአዮና ተቀብረዋል?

ቁጥሩ የመጣው በ1549 ደሴቶቹን ዞሮ ከጻፈው ቄስ ከዶናልድ ሞንሮ ነው፤ 48 የስኮትላንድ፣ 8 የኖርዌይ፣ 4 የአየርላንድ ነገሥታት ብሎ መዘገበ። ከዚያ በፊት የተጻፉ የነገሥታት ዝርዝሮችም በ858 ከሞተው ከኬነዝ ጀምሮ ብዙ ነገሥታትን ወደ አዮና ያመጣሉ፤ ማክቤዝም ከእነሱ አንዱ ነው። ጥቂቶቹ በእርግጥ እዚያ ተቀብረው ሊሆን ይችላል። ዝርዝሮቹ የተሰበሰቡት ግን ከዘመኑ በኋላ፣ የደሴቲቱን ክብር ከፍ ለማድረግ ጉጉት በነበረበት ጊዜ ነው።

ሬሊግ ኦድራን በተባለው መቃብር ቦታ የንጉሥ ስም የተጻፈበት ድንጋይ አልተገኘም። የተገኙት ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጹ የጎሳ አለቆች፣ የጦር ሰዎችና የቀሳውስት ድንጋዮች ናቸው፤ ሰይፍ፣ መርከብና ሐረግ ተስሎባቸዋል፤ ብዙዎቹ ከዝናብ እንዲጠበቁ ወደ ገዳሙ ሙዚየም ገብተዋል። በመቃብር ቦታው ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራች፣ በኋላም የደሴቶቹ ጌቶች መቃብር የሆነች ናት። ስለዚህ 48 የሚለውን ቁጥር ስትጠቅሱ "በ1549 የተመዘገበ ትውፊት" ብላችሁ ጥቀሱት፤ የሶመርሌድ ዘሮች እዚያ መቀበራቸውን ግን ያለ ጥርጥር መጻፍ ትችላላችሁ።